በሚካኤል ማግስት፦ የአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ የስኳር ክትትል ሲመዘን

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ከሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የሚገነጠለው ጥርጊያ መንገድ ብዙ ነው። በአንዱ መጨረሻ፣ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት አፋፍ ላይ፣ አንድ ጤና ጣቢያ አለ። ጉድለቱንም ስለምንናገር ስሙን አንጠራም። በወር ሁለት ቀን፣ በ13 እና በ22፣ ለስኳር ታማሚዎች ብቻ የተለየ ክትትል ያካሂዳል። ጋቢ የደረበው የደጋ ገበሬና ሽርጥ ያገለደመው የቆላ ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

መድኃኒቱ ሌላው ጤና ጣቢያ ካለው አይለይም፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ የሚባሉት ኪኒኖች፣ ቶሎ የሚሠራው የጠራ ኢንሱሊንና ቀስ ብሎ የሚሠራው የደፈረሰ ኢንሱሊን። ክትትሉን ለግምገማ ያበቃው አሠራሩ ነው። የስኳር ክትትልን ከሆስፒታል አውርዶ በገጠር ጤና ጣቢያ ለነርሶች መስጠት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፣ ጎንደርና ጅማ ቀድመው ሠርተውበታል። እዚህ የተጨመረው ታማሚው ደንብ ሲወጣ አብሮ መቀመጡ ነው። በየወሩ በ22 ከምሳ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ነርሶቹ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛና ታማሚዎቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የተነሳው ችግርና የተወሰነው ነገር በባለ 50 ሉክ ደብተር ይሰፍራል፣ የሚቀጥለው ወር ስብሰባም ያንኑ ገጽ በማንበብ ይጀምራል። ደብተሩን ያገላበጠ ሰው አገልግሎቱ የት እንደሚያነክስና የት እንደተጠገነ ያያል።

ከቀኑ እንጀምር። ቀድሞ ካርዱ ላይ «ከ4 ሳምንት በኋላ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። አገሬው ግን ወር የሚቆጥረው በበዓል ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም። በዕለቱ ሞፈር ባይነሳም ቅዳሴ አለ፣ ጽዋ አለ፤ «በማግስቱ ይምጡ» የተባለ ሰው ግን አይረሳም። ከቆላ ለሚመጡት ሙስሊሞችም «ወር በገባ በ13» ከሳምንት ቆጠራው ይቀላል። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ ከ13 እስከ 13 ምንጊዜም 30 ቀን ነው፤ ይህ ለመድኃኒት ቤቱም ተመችቶታል። አንድ ወጥመድ ቀረ፤ ጳጉሜን። ከነሐሴ 13 እስከ መስከረም 13 ያለው 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 36። የ30 ቀን መድኃኒት የያዘ ሰው እንቁጣጣሽን ያለ መርፌ ይውላል ማለት ነው፣ ያውም ወንዙ ገና ባልጎደለበት ወቅት። ይህን ያነሱት ታማሚዎቹ ሲሆኑ፣ አሁን ነሐሴ ላይ ለሁሉም የ36 ቀን ይታደላል። 13 ወይም 22 ቅዳሜና እሁድ ሲውል ክትትሉ ወደ ሰኞ ስለሚገፋ በሌላውም ወር ሁለት ቀን ትርፍ ይሰጣል።

የቀን ሒሳቡ ከብልቃጡ ሒሳብ ጋር ካልተጋባ ግን ከንቱ ነው። አንድ የኢንሱሊን ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት፣ ባጠቃላይ 1000 ዩኒት። ጠዋት 20 ማታ 10 የሚወጋ ሰው በቀን 30 ይፈጃልና በወረቀት ላይ 33 ቀን ያደርሰዋል። በየጊዜው የአየር አረፋ ሲወጣ አንድ ሁለት ዩኒት አብሮ ስለሚፈስ ግን በተግባር 30 ቀን መድረሱም ያጠራጥራል። ጠዋት 26 ማታ 14 የሚወጋው በቀን 40 ይፈጃል፤ ብልቃጡ በ25ኛው ቀን ያልቃል። «ለአንድ ሰው አንድ ብልቃጥ» በሚባልበት ቦታ ይህ ሰው በየወሩ 5 ቀን ባዶ እጁን ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል? እንዳያልቅበት ከመጠኑ ይቀንሳል፤ 26ቱን 20፣ 14ቱን 10 ያደርገዋል፤ ለሲስተር አይናገርም። እሷ ስኳሩ መውጣቱን ስታይ መጠኑ አልበቃውም ብላ ትጨምርለታለች። ብልቃጡ የባሰ ያጥራል፣ እሱም የባሰ ይቆጥባል። ካርዱ ላይ የሚታየው መጠኑ እያደገ ስኳሩ የማይወርድ ሰው ነው። ጉዳዩን ሊፈታ የሚችለው እዚያው አግዳሚ ላይ «እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር» የሚል ሌላ ታማሚ ብቻ ነው። የዚህ ጤና ጣቢያ ደንብ አሁን በቀን ከ30 ዩኒት በላይ የሚወጋ ሁሉ ሁለት ብልቃጥ ይወስዳል ይላል። ሌላ ምንም ባይሠሩ ለዚህ ብቻ እናመሰግናቸው ነበር።

ተቃራኒውም አለ። በቀን 16 ዩኒት ብቻ የሚወጋ ሰው ብልቃጡ ሁለት ወር ይቆይለታል፤ የተከፈተ ኢንሱሊን ግን እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው የሚያገለግለው። ግማሽ የቀረውን መድኃኒት ጣል ቢሉት እሺ የሚል ገበሬ የለም። ስለዚህ ብልቃጡ ሲከፈት ቀኑ በፕላስተር ላይ ተጽፎ ይለጠፍበታል፣ በቀጠሮም ይዘውት ይመጣሉ፤ ያለፈበት እዚያው በአዲስ ይለወጣል። ስኳር ያለ ምክንያት ሲወጣ መጠን ከመጨመር በፊት ፕላስተሩ ይታያል።

ካርድ ያወጣ ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው በረንዳው ላይ ወዳለው ጠረጴዛ ነው። «ነባር» የሚባሉ፣ በሽታውን ለዓመታት የተሸከሙና ሥልጠና የወሰዱ ሁለት ታማሚዎች ይቀመጡበታል። አወጋጉን፣ የተወጋውን ገላ፣ ብልቃጡንና እግሩን ያያሉ። መጠን መጨመርም መቀነስም አይፈቀድላቸውም፤ ይህ ከጠረጴዛው በላይ በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። ተገቢ ድንበር ነው።

አወጋጉን በአፍ አይጠይቁም፤ «እስኪ ያሳዩኝ» ብለው ሲሪንጅና ውሃ የተሞላ አሮጌ ብልቃጥ ያቀብላሉ። ስህተቱ እዚያ ይፈጥጣል። አንዱ የደፈረሰውን ኢንሱሊን እንደ ወተት ቅል ይንጠዋል፤ አረፋ ይሞላና ልኩ ይዛባል። በሁለት መዳፍ መሃል ከ10 እስከ 20 ጊዜ ቀስ ብሎ ማንከባለል ነው፣ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነጭ እስኪሆን። ሌላው አየር ሳያስገባ ይስባል፤ ብልቃጡ ውስጥ አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ከቀን ወደ ቀን መሳቡ ይከብደዋል። የሚሳበውን ያህል አየር በቅድሚያ ማስገባት ያስፈልጋል። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው የጠራውን ያስቀድማል። የደፈረሰው ጠብታ ጠርቶ የሚቀመጠው ብልቃጥ ውስጥ ከገባ ያ ብልቃጥ ፍጥነቱን ያጣል፣ በዓይን ግን ቶሎ አያስታውቅም። ወግተው ወዲያው የሚነቅሉ ደግሞ ጠብታው ቆዳ ላይ ሲቀር ያዩታል፤ እስከ 10 ቆጥሮ መንቀል ነው።

ሲሪንጁ ራሱ ይመረመራል። በየቤቱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ባለ 40 ሲሪንጅ አይጠፋም። እሱ የተሠራው በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ለሚይዘው ኢንሱሊን ነው። በእሱ እስከ 20 ምልክት ድረስ ባለ 100 ኢንሱሊን የሳበ ሰው ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 50 ዩኒት ገላው ውስጥ ከተተ፤ ሁለት እጥፍ ተኩል። ይህ ስህተት ሰው ይገድላል። ጠረጴዛው ላይ የሁለቱ ሲሪንጅ ናሙና ጎን ለጎን በካርቶን ተሰፍቶ ተቀምጧል፣ ማንበብ የማይችልም በዓይኑ ይለያል። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ጠፍቶ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ተራ ሲሪንጅ የሚጠቀም ካለ ደግሞ 0.1 ማለት 10 ዩኒት መሆኑን ደጋግመው ያስቆጥሩታል።

ቀጥሎ ነባሩ የተወጋውን ሆድና ጭን በጣቱ ይዳስሳል። አንድ ቦታ ላይ ዘወትር የሚወጋ ሰው ከቆዳው ሥር እንደ ባቄላ እንክብል የሚል እብጠት ያወጣል። እዚያ መውጋት ስለማያም ሰው ይወደዋል፤ መድኃኒቱ ግን ከእብጠቱ የሚወጣው እንደፈለገው ነው፣ አንድ ቀን ትንሽ፣ ሌላ ቀን ብዙ። ጥንቃቄው ወዲህ ነው፦ ሰውየው ወደ ጤነኛ ቆዳ ሲዛወር ያው መጠን በደንብ ስለሚሠራ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ነባሩ «ቦታ ይቀይሩ» ብሎ አያሰናብትም፤ ካርዱ ላይ ምልክት አድርጎ ወደ ሲስተር ይልካል፣ መጠኑን የምታየው እሷ ናት። በእርሻና በአጨዳ ቀን ደግሞ ጭን አይወጋም። ሲያርስ የሚውል ጭን ደሙ ስለሚፈጥን ኢንሱሊኑንም ያፈጥነዋል፤ ሆድ ይሻላል።

መርፌ ለአንድ ጊዜ ነው ይላል መመሪያው፤ በገጠር ግን አይዳረስም። እዚህ እውነታውን አምነው ይመክራሉ። የግድ ከሆነ ያው ሰው ብቻ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ መርፌውን በአልኮል ሳይጠርግ። አልኮሉ ቆዳ ውስጥ በቀላሉ እንዲገባ የተቀባውን ልባስ ያነሳዋል። ሲያምና ሲዶለዱም ይጣላል። ባልና ሚስት እንኳ አንድ መርፌ አይጋሩም። ያለቀው ወፍራም ክዳን ባለው ፕላስቲክ ተጠራቅሞ ወደ ጤና ጣቢያው ይመለሳል፤ ሜዳ ላይ የተጣለ መርፌ ለልጅም ለከብትም አደጋ ነው።

አሁን ወደ ከረረው ጉዳይ። «ምግብ ሳትቀምሱ ኑ» የሚለው ትእዛዝ ለከተማ ሰው ቀላል ነው። ከገደሉ ሥር ሦስት ሰዓት ሽቅብ ለሚወጣ ታማሚ ግን አደጋ ነው፤ ከመነሳቱ በፊት ልማዱን አድርጎ ከወጋ ደግሞ መንገድ ላይ ይወድቃል። ታማሚዎቹ አንስተውት ደንቡ ለሁለት ተከፈለ። ከአንድ ሰዓት በታች የሚመጣ ሳይበላ ይለካል፤ የሚፈለገው ከ80 እስከ 130 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ነው። ከሩቅ የሚመጣ ቤቱ ወግቶና በልቶ ይነሳል፣ ካርዱ ላይ «ከበላ» ተብሎ ይጻፍለታል፣ የሚለካውም ምግብ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው፤ ከ180 በታች ከሆነ መልካም። «ከበላ» የምትለዋ ቃል ስትረሳ ግን ጉድ ይፈላል፦ 175 ሳይበላ የተለካ መስሏት ተረኛዋ ነርስ መድኃኒት ትጨምራለች። ይህ ስህተት በደብተሩ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰፍሯል። ለምን ባለቀለም እስክሪብቶ እንደማይጠቀሙ አልገባንም።

ለቀጠሮ ሲባል የሚጾም ጾምም አለ። ሁለት ቀን አስቀድሞ እንጀራውን ግማሽ አድርጎ፣ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥቶ 110 ይዞ የሚመጣ ሰው ሲስተርን ደስ ያሰኛታል። የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የኤ ዋን ሲ ምርመራ እዚህ ስለሌለ የሚያጋልጠው መሣሪያ የለም። ነባሮቹ ግን ሌላ ጥያቄ አላቸው፤ «ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ይነሣሉ?» 110 ይዞ አራት ጊዜ የሚነሣ ሰው ካለ ወሬው እዚያ ላይ ይጀምራል።

ስኳር ሲወርድ ስላለው እርምጃ የሚሰጡት ትምህርት ንጹሕ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት፤ መለኪያ ካለ ከ70 በታች። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ ካልተሻለ መድገም፣ ሲሻል እንጀራ ወይም ዳቦ መብላት። አንድ ከረሜላ አይበቃም፤ አራት አምስት ያስፈልጋል፣ በጥርስ ተሰብሮ። ቆሎ ቶሎ ስለማይፈጭ መጀመሪያ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ይዞ የወደቀ ገበሬ የሚኖረውም ለዚህ ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው፣ እዚያ ባለ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል።

በዚህ አገር ላይ አረቄ ሳይነሣ አይታለፍም። ጉበት በባዶ ሆድ ጊዜ ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ አልኮል ይህን ሥራውን ያስተጓጉልበታል። ማታ ወግቶ ሳይበላ አረቄ የደጋገመ ሰው ስኳሩ የሚወርደው እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። መንተባተቡና መወላገዱ ከስካር ጋር አንድ ስለሚመስል ቤተሰቡ «ጠጥቶ ነው፣ ይተኛ» ይላል። ክትትሉ ሚስቶችንና ልጆችን ጠርቶ ይህን ለይቶ ማስተማሩ ትልቅ ነገር ነው፦ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ጠጥቶም ቢሆን ግራ ከተጋባ ይለካ፣ መለኪያ ከሌለና መዋጥ ከቻለ ስኳር ይጠጣ። ስካር ከሆነም ስኳሩ አይጎዳውም።

የአቀማመጥ ትምህርታቸው ይህን አፋፍ የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው። መጽሐፉ ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ይላል፤ የደጋው ሰውም ሰምቶ ከግድግዳው ውጪ ያንጠለጥለዋል፣ ወይም መስኮት ላይ ያኖረዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አመዳይ ሲጥል ይበርዳል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ሞቷል። የደፈረሰው ከተንከባለለ በኋላ እንደ እርጎ ጓል ካሳየ፣ ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነጭ ነገር ከተለጠፈ አይወጋም። ለደጋው የሚመክሩት ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልሎ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ፣ ከምድጃ ርቆ በቤቱ መሃል ማኖር ነው። ለቆላው ሌላ ነው፤ በትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ ከትቶ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማኖር፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ማርጠብ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አየሩ ራሱ እርጥብ በሆነበት ክረምት አይረዳም። ከተማ ያለ ዘመድ ፍሪጅ ውስጥ ለሚያስቀምጡ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ከበረዶ ቤቱ ጋር አይነካካ፣ የበሩ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ያልተከፈተው ልኩ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው።

ብርዱ መለኪያውንም አይምርም። አብዛኛው የስኳር መለኪያ ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይሠራም፤ በደጋ ማለዳ ስህተት ብሎ ይቆማል፣ ሰውም ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ከጋቢ ሥር ለጥቂት ጊዜ ማሞቅ ይበቃል። የስትሪፑ፣ ማለትም የደም ጠብታ የሚቀበለው የመለኪያው ቁራጭ፣ ጣሳ ሳይከደን ካደረ እርጥበት ይገባውና ውጤቱ ይዋሻል። ጣት በውሃና በሳሙና ታጥቦ ይደርቅ፤ ማር የነካ ወይም ብርቱካን የላጠ ጣት ስኳር በሌለበት 300 ያሳያል፣ አልኮል ብቻውን ደግሞ በቅጡ አያነሳውም። ከውጭ አገር ዘመድ የላከው መለኪያ የራሱ ጣጣ አለው፤ ብዙዎቹ የሚያነቡት በሌላ ልኬት፣ በሚሊሞል በሊትር ነው። 12 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ስኳሬ አለቀ ብሎ ስኳር ይጠጣል፣ ቁጥሩ ግን በ18 ሲባዛ 216 ነው። 7 ማለት 126 መሆኑን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነባሮቹ በእጃቸው ጽፈው በረንዳው ላይ ሰቅለዋል።

ከሁሉ ያስደነቀን የእግሩ ምርመራ ነው፣ መሣሪያ አይጠይቅምና። ነርሷ ክፍል ውስጥ በ10 ግራም የሚታጠፈው ናይሎን ክር አለ፤ ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ነባሯ ታማሚውን ጫማ አስወልቃ «አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎ ቀኝ ወይም ግራ ይበሉኝ» ትላለች። በሌባ ጣቷ ጫፍ፣ ሳትጫንና ሳትጎተጉት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ትነካለች። የቀኝ አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ የግራ አውራ፣ የግራ ትንሿ፣ የቀኝ መሃል፣ የግራ መሃል። ስድስት ጊዜ ብቻ። ያልተሰማቸውን አትደግምም፤ ሁለተኛው ንክኪ የበረታ ስለሚሆን ያታልላል። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካመለጣቸው እግሩ ስሜት እያጣ ነው፣ ካርዱ ላይ ቀይ ክብ ይደረግበታል። ምርመራው በዓለም ላይ የታወቀ ነው፣ የቤተሰብ ሰውም ቤት ሊያደርገው ይችላል።

ቀይ ክብ ያለው ሰው ምክሩ ይለወጣል። የደጋ ሰው ማታ እግሩን ወደ ምድጃ ዘርግቶ ይሞቃል፤ ስሜት የሌለው እግር ሲቃጠል ዝም ይላል፣ ጠዋት ውሃ የቋጠረ ቁስል ይገኛል። ካልሲ ማጥለቅ እንጂ እሳት መሞቅ የለበትም። የእግር መታጠቢያው ውሃ በክርን ይሞከራል። ፕላስቲክ ጫማም ሆነ በረባሶ ከመጫማት በፊት እጅ አስገብቶ እሾህና ጠጠር መፈለግ፣ ማታ ውስጥ እግሩን ልጅ እንዲያየው ማድረግ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በጣቶች መሃል ግን አለመቀባት። ቁስል ካለ በማግስቱ መምጣት ነው፣ 13ን ሳይጠብቁ።

ጾምን በሚመለከት የሄዱበት መንገድ ብልህነት አለበት። ግሊቤንክላሚድ ጠዋት ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ መውረዱ አይቀርም፤ ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። «አትጹም» ብሎ ማዘዝ ሰውየው ጾሙን ሳይሆን ክትትሉን እንዲተው ያደርገዋል። እዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት በነበረው ስብሰባ ቀሳውስት ተጋብዘው ከታማሚዎቹ ጋር ተነጋገሩ፣ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ፈቃድ እንዳላት የንስሐ አባት ሲናገረው ክብደቱ ሌላ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉት ሰዓት ሳይጾሙ ከሥጋና ከወተት ብቻ እንዲከለከሉ ይመከራል። በግሊቤንክላሚድ ያሉት ኪኒኑን ከሚበሉበት ሰዓት ጋር ያዛውሩታል፣ ግን ነርሷ መጠኑን ካየችው በኋላ ነው። ለረመዳንም ተመሳሳይ ነው፣ ማፍጠሪያው ላይ ትልቁ መጠን ይዛወራል። ለሁለቱም እምነት አንድ ወሰን አለ፦ ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከተለካ ጾሙ በዚያው ይፈታል። ጸበል የሚሄድም ብልቃጡን ይዞ ይሄዳል። በትውከትና በተቅማጥ ጊዜም ቢሆን ኢንሱሊን ጨርሶ አይቆምም፤ ያቆመ ሰው ትንፋሹ ተለውጦ፣ በረጅሙ እየተነፈሰ በቃሬዛ ይመጣል።

ጉድለቱም ትንሽ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያለው ፖስተር ሆዱ የገፋ ሰው ያሳያል፣ «ክብደት ቀንሱ» ይላል። አግዳሚው ላይ ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ የበሳለት ቀጭን ወጣት ተቀምጧል። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ስኳር የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እንደ ፈረንጆቹ ለብቻው መድቦት ነበር፣ በ1999 ሰረዘው፤ በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ዓይነት 5 ብሎ መልሶ አወቀው። የዚህ አገር ቀጫጭን ታማሚ የትኛው እንደሆነ ጤና ጣቢያ ላይ አይለይም። ቢሆንም «እንጀራ ቀንስ» መባል ያለበት ሰው እሱ አይደለም፣ መጠን ሲጨመርለትም በትንሽ በትንሹ ነው። በአጠቃላይ የምግብ ምክሩ ከከተማ ወረቀት የተገለበጠ ነው፤ ስለ በሶ፣ ስለ ጠላ፣ ስለ ቅንጬ አንድ መስመር የለውም።

ስትሪፕ ያልቃል። ሲያልቅ ግን ማን ይቅደም የሚለውን ታማሚዎቹ ራሳቸው ስለወሰኑት ጠብ የለም፦ ነፍሰ ጡሮች፣ ኢንሱሊን የሚወጉ፣ መጠን የተቀየረላቸው። ሌላው በሽንት ብዛትና በክብደት ይታያል። ነባሮቹ የትራንስፖርት እንኳ አይከፈላቸውም፣ በአጨዳ ወቅት ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ጠረጴዛው በረንዳ ላይ መሆኑም ያልተገባ ነው፤ ላገባ ወይም ልዳር የምትል ልጅ መንደሩ ሁሉ እያያት ሆዷን ገልጣ አታሳይም። አንድ መጋረጃ ይበቃ ነበር። ስብሰባው ከምሳ በፊት በመሆኑ ሴቶቹ ውሃና ልጅ ብለው ይነሳሉ፣ ደብተሩ ውስጥም የሚበዛው የወንዶች ሐሳብ ነው። የሠለጠነች ነርስ ስትዛወር አዲሷ ከዜሮ ትጀምራለች፣ ያተረፋት ያው ደብተር ነው። የቀረ ታማሚ ስም ዝርዝር ለጤና ኤክስቴንሽኗ እንዲደርስ ቢወሰንም አንዳንድ ወር አይደርስም። ዓይን አይታይም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን በሪፈር መሄድ ያስፈልጋል፣ ማየት ሳይደክም በፊት መሆኑን አበክረው ቢናገሩ ደግ ነበር።

ወጪውን በተመለከተ የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው መድኃኒት ቤቱ ያለውን ያለ ክፍያ ይወስዳል። ከመደርደሪያው ከጠፋ ከግል መድኃኒት ቤት መግዛት ነው፤ እዚያ ሲገዛ ብልቃጡ ከፍሪጅ መውጣቱን በዓይን ማየት ይገባል።

ለጎልማሳና ለአረጋዊ ታማሚ፣ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጋ፣ በዚያ አካባቢ ከዚህ የሚሻል ክትትል አላየንም። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ግን ብቻውን አይበቃም፣ ሆስፒታል አብሮ ሊያያቸው ይገባል። የሚሄድ ሰው ካርዱን፣ የመድን ደብተሩን፣ የጀመረውን ብልቃጥ፣ የሚጠቀምበትን ሲሪንጅ፣ መለኪያ ካለው መለኪያውን ይያዝ። ስንቅና ስኳር አይርሳ። ካርድ ክፍል 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል፤ ከቆላ የሚመጡት እስኪደርሱ ድረስ ወረፋው አጭር ነው።